የተጎተተው ጎማ

ስለ ማርስ ልትሰሙ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ከጎማ ነው የምጀምረው። ታክሲ የነዳ፣ ጋሪ የገፋ፣ ጎማ ፈንድቶበት በዝናብ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ታሪክ ከብዙ ሊቅ ይልቅ ይረዳዋል ብዬ ስለማምን ነው። አንድ ነገር ላስቀድም፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሀሉ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላደክማችሁም።

ማርች 2006 ነው። ስፒሪት የምትባለው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ማርስ ላይ፣ ጉሴቭ በሚባል ሰፊ ክሬተር (ጎድጓዳ ስፍራ) ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ከተጓዘች በኋላ የቀኝ የፊት ጎማዋ ቀጥ አለ። ሞተሩ እምቢ አለ። ክረምት እየገባ ነው። እዚያ ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን የፀሐይ መድከም ነው፤ ሮቦቷ ደግሞ የምትኖረው ጀርባዋ ላይ በተዘረጋው ሶላር ነውና ፀሐይ ወደሚመታው ተዳፋት ካልደረሰች አለቀላት። ጎሚስታ የለ። ክሪክ የለ። «ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ግፋልኝ» የሚባል አላፊ አግዳሚ የለ። የሠሯት ሰዎች ያሉት በመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዲና በሚገኘው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው።

መሐንዲሶቹ ያገኙትን መላ መርካቶ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጎማው የተቀረቀረ ጋሪ ወደ ፊት ሲገፉት አፈር ይነክሳል፤ አዙረው ሲጎትቱት ግን እያነከሰም ቢሆን ይከተላል። ስለዚህ ስፒሪትን አዞሯትና ኋላ ማርሽ አስገቧት። ከዚያ ወዲህ ማርስ ላይ በአብዛኛው የሄደችው ወደ ኋላ ነው፤ የሞተውን ጎማ እየጎተተች፣ እንደ ማረሻ ትልም እያወጣች።

በ2007 ትልሙ ነጥቶ ታየ። የጉሴቭ አፈር የሸክላ ቀለም ነው፤ ጎማው ገልብጦ ያወጣው ግን የፍርኖ ዱቄት ይመስል ነበር። መሣሪያቸውን አስጠግተው ሲለኩት ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሆኖ ተገኘ። ሲሊካ የመስተዋት መሠረት ነው፤ በየድንጋዩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከሌላው ነገር ተለይቶ ይህን ያህል ጠርቶ እንዲገኝ የፈላ ውሃ አሟሙቶ ሌላ ቦታ ሊያስቀምጠው፣ ወይም አሲድ ያዘለ እንፋሎት ሌላውን ሁሉ አጥቦ ሊያስቀረው ይገባል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ሙቀትና ውሃ በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ፍልውሃ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ፍልውሃ ምን እንደሆነ አላስተምርም፤ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው እሱ አይደል።

ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ? ስድስቱም ጎማዎች ደህና ቢሆኑ ኖሮ ስፒሪት በዚያ ነጭ አፈር ላይ ተረማምዳ ታልፍ ነበር። ከላዩ ሌላውን የሚመስል ቀይ አቧራ ነው ያለው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፣ ሥነ ምድር ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ የማርስን ሮቦቶች ደግሞ ሰው ኳስ እንደሚከታተል እከታተላለሁ። ሮቦት ሲላክ ዜናው የሚያወራው ስለ ዕቅዱ ነው፦ ስንት ቢሊዮን ዶላር፣ ስንት ካሜራ፣ በስንት ወር ይደርሳል። እኔ ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የተገኘው ዕቅዱ በተሰበረበት ቦታ መሆኑን ነው። ስብራት ብቻውን ግኝት አይሆንም፤ ጎማ ተሰብሮበት ያዘነ ሰው ሁሉ ሲሊካ አያገኝም። እነዚያ መሐንዲሶች ግን ወደ ኋላ ዞረው የተዉትን ትልም ፎቶ ያነሱ ነበር።

እስቲ ደግሞ እንዴት እንደሚነዱ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ሮቨር፣ ማለትም እንደ ስፒሪት ያለ ባለ ጎማ ሮቦት፣ ሲባል እንደ ፕሌይስቴሽን በእጅ የሚዘወር ይመስለዋል። አይደለም። የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶም ማርስ ለመድረስ፣ ሁለቱ ፕላኔቶች ሲቀራረቡ 3 ደቂቃ ያህል፣ ሲራራቁ ደግሞ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሮቨሯ «ከፊቴ ገደል አለ» ብላ ብትጮኽ፣ እናንተም በድንጋጤ «ቁሚ!» ብትሏት፣ መልሳችሁ ሲደርስ እሷ ገደል ውስጥ ናት። ስለዚህ ሹፌሮቹ የሚነዱት በደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል። የማርስ ጠዋት ላይ የቀኑ ትእዛዝ በሙሉ ይላክላታል፤ ይህን ያህል ሜትር ሂጂ፣ እዚህ ድንጋይ ጋ ቁሚ፣ ክንድሽን ዘርጊ። ቀኑን ስትሠራ ትውልና ከመምሸቱ በፊት ያየችውን ከላይ በሚዞሩት ሳተላይቶች በኩል ትልካለች። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች የማርስን ሌሊት ሥዕሉን ሲተነትኑ ያድራሉ።

ችግሩ የማርስ ቀን ከእኛው ይረዝማል፤ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ የገባ ሰው ነገ 2 ሰዓት ከ40 ይገባል፤ ከነገ ወዲያ 3 ሰዓት ከ20። በ18ኛው ቀን ጠዋቱ ማታ ሆኖበት ቁጭ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የስፒሪት ቡድን ሙሉ በሙሉ በማርስ ሰዓት ነበር የሚኖረው፤ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ጋርዶ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ተኝቶ። በአካባቢው የነበረ አንድ የሰዓት ባለሙያ የማርስን ቀን የሚቆጥር የእጅ ሰዓት እስኪሠራላቸው ደርሰዋል። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ እኛ ነው። ለውጭ ሰው ቀጠሮ በሰጠን ቁጥር 6 ሰዓት ስንደምርና ስንቀንስ የኖርን፣ ዓመት እንኳ ስንጠራ ሁለት መቁጠሪያ የምንይዝ ሕዝብ ነን። ለዚህ ሥራ የተፈጠርን ይመስለኛል።

መቁጠሪያ ስል ትዝ አለኝ። በ1999 ማርስን ሊዞር የተላከ አንድ መንኮራኩር ከአየሩ ጋር ተላትሞ ጠፋ። ምክንያቱ ሲመረመር የሮኬቱን ግፊት አንዱ ወገን በፓውንድ አስልቶ ይልካል፣ ሌላው ወገን ኒውተን መስሎት ይቀበላል። አንዱ በቁና ሰፍሮ ሌላው በኪሎ ሲረከበው ማለት ነው። የ125 ሚሊዮን ዶላር መንኮራኩር። የእኔ ተማሪዎች ፈተና ላይ መለኪያ ሳይጽፉ ቁጥር ብቻ ሲያስቀምጡ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም።

ስፒሪት ብቻዋን አልነበረችም። ኦፖርቹኒቲ የምትባል መንትያ አለቻት። ሁለቱም ጃንዋሪ 2004 ላይ፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት፣ በማርስ ተቃራኒ ጎኖች አረፉ። ዋስትናቸው 90 የማርስ ቀን ነበር። ስፒሪት የተላከችው ጉሴቭ ድሮ ሐይቅ ነበር ተብሎ ስለተገመተ ነው፤ ስትደርስ ግን ያገኘችው የሐይቅ ዝቃጭ ሳይሆን ዙሪያውን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ የነካው ድንጋይ ለማየት ከአድማስ ላይ ብቅ ወደሚሉት ኮረብቶች መሄድ ነበረባት፤ እነዚያ ኮረብቶች በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር በሞቱት ሰባት ጠፈርተኞች የተሰየሙ ናቸው። ለ90 ቀን የተሠራች ሮቦት ያን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሄደች፤ በ2005 ከኮረብቶቹ አንዱ ጫፍ ላይ ወጣች።

ኦፖርቹኒቲ ደግሞ ዕድለኛዋ ናት። በአየር በተነፋ ኳስ ተጠቅልላ፣ መሬት ላይ እየነጠረች ተንከባልላ ተንከባልላ ስትቆም፣ 22 ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ትንሽ ክሬተር ውስጥ ገብታ ተገኘች። ዓይኗን ስትከፍት ከፊቷ ያለው የክሬተሩ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ አለት። እኛ የድንጋይ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ስንት ገደል እንወርዳለን። መሬቱ ላይ ትንንሽ ድብልብል ጠጠሮች ፈሰዋል፤ አሜሪካኖቹ ብሉቤሪ አሏቸው፣ እኛ ብንሆን ሽምብራ እንላቸው ነበር። ሲመረመሩ ሄማታይት የተባለ የብረት ማዕድን ናቸው፤ አለቱ ውስጥ በተዘዋወረ ውሃ የተድቦለቦሉ።

ይህች ኦፖርቹኒቲ ማርች 2015 ላይ 42.195 ኪሎ ሜትር ሞላች። ማራቶን ማለት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጀበት፤ እሷ 11 ዓመት ከ2 ወር ያህል። ቢሆንም በሌላ ዓለም ላይ ይህን ያህል የሄደ ጎማ ከእሷ በፊት አልነበረም። ይህን ያህል የኖረችውም በዕቅድ አልነበረም። መሐንዲሶቹ ያሰቡት አቧራ ሶላሩ ላይ እየተከመረ ቀስ በቀስ ያደክማታል ብለው ነው። ያላሰቡት ነፋሱን ነው። አንዳንድ ጊዜ አዙሪት ነፋስ መጥቶ አቧራውን ጠርጎላት ይሄዳል፤ ጠዋት ሲያዩ ኃይሏ ጨምሯል። እንደ ቤት ሠራተኛ በየጊዜው የሚመጣ ነፋስ። ያው ነፋስ ነው በመጨረሻም የገደላት፤ በ2018 ማርስን በሙሉ የሸፈነ አቧራ ተነሣና ጁን 10 ላይ የመጨረሻ መልእክቷን ላከች። ከሺህ በላይ ጥሪ አደረጉላት፣ አልመለሰችም። «ባትሪዬ አለቀ፣ ጨለመብኝ» አለች እየተባለ የሚወራው አንድ ጋዜጠኛ የኃይል መጠኑንና የሰማዩን ጥቁረት የሚያሳዩትን ቁጥሮች በሰው ቋንቋ ሲፈታ የወጣ ነው። እሷ የላከችው ቁጥር ነው። ቁጥሩም ግን ለሚያነበው ሰው ያሳዝናል።

ወደ ስፒሪት ልመለስ። በ2009፣ አሁንም ወደ ኋላ እየሄደች ሳለ፣ ጠንካራ የመሰለው መሬት ከሥሯ ተሰበረ፤ ጎማዎቿ ከቅርፊቱ በታች ባለው ዱቄት መሳይ አሸዋ ውስጥ ሰመጡ። ይህን ዜና ስሰማ የት እንዳለች በደንብ አውቄያለሁ። እኔም እዚያ ሆኜ አውቃለሁና።

ወጣት ሳለሁ፣ ዳናኪል ውስጥ፣ ከሃመድ ኤላ ወደ ዳሎል ስንሄድ ላንድክሩዘራችን ሰመጠ። ላዩ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ የጨው ቅርፊት ነው፤ ጎማው ሲሰብረው ሥሩ ጭቃ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ጋሼ ስጠው! ነዳጅ ስጠው!» እላለሁ። ሹፌራችን፣ ዕድሜው ከአባቴ የማያንስ ሰው፣ ሞተሩን አጠፋና ዞሮ አየኝ። «ተው ልጄ» አለኝ፤ «ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር የሚቆፍረው የራሱን መቃብር ነው»። ወረደና አራቱንም ጎማዎች ማስተንፈስ ጀመረ፤ ፍስስስ ሲል እስካሁን ይሰማኛል። ከዚያ ሰሌን አነጠፈ፣ ሳንቃ አስገባ፣ ቁጭ አለ። ፀሐይ እስክትበርድ ጠበቅን። የሚሠራ ነገር አጥቼ ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ ስመለከት ግድግዳው ላይ ነጭ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያ ሥር ቢጫ መስመር አየሁ። ከአፋር ወንድሞቻችን አንዱ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ስለ ጎርፍ ነገረኝ፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ሲደርቅ ጨው እንዴት እንደሚጥል፣ በቀጣዩ ጊዜ ሲመጣ እንዴት መልሶ እንደሚያሟሟው። የሄድንበትን ጥናት ረስቼዋለሁ። ያን ጉድጓድ አልረሳሁትም።

ፓሳዲና ያሉትም ያደረጉት እንደዚያው ነው። ሞተሩን አጠፉ። አሸዋውን የሚመስል ዱቄት ቀላቅለው ትልቅ ሳጥን ሞሉ፤ የስፒሪትን አምሳያ ሮቨር አስገብተው እዚያው አሰመጧት፤ ለወራት መውጫውን ሞከሩ። ሲሞክሩ ሌላ ጎማ ደግሞ ሞተ። ጃንዋሪ 2010 ላይ «ከእንግዲህ እዚሁ ትቀመጣለች» ብለው አወጁ። ጎማዎቹ እየተፍጨረጨሩ ያገላበጡት አፈር ግን ጥያቄ አነሣ፤ ከላይ አንድ ዓይነት፣ ወደ ታች ሌላ ዓይነት የሰልፌት ጨው ተደርድሮ ተገኘ። ጥቂት ውሃ፣ ምናልባትም ከቀለጠ በረዶ የመጣ፣ ከላይ ወደ ታች እየሰረገ ቶሎ የሚሟሟውን ጨው ይዞት እንደወረደ ያሳያል። ይኸም የሰመጠ ጎማ ሥራ ነው። ማርች 22 ቀን 2010 ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅዋ ተሰማ። የሄደችው 7.73 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ ላይ ልድረስ። ሕይወት ተገኘ ወይ?

ጥያቄው ከተጠየቀ ቆይቷል። በ1976 ቫይኪንግ 1 እና ቫይኪንግ 2 ማርስ ላይ አርፈው በቀጥታ ጠየቁ። አንዱ ሙከራ እንዲህ ነበር፦ አፈር ይዘገናል፤ ላዩ ላይ ምግብ ያለበት ጠብታ ይደረጋል፤ በምግቡ ውስጥ በጨረሩ የሚለይ ካርቦን አለ። አፈሩ ውስጥ የሚበላ ተሐዋሲ ካለ ይበላና ጋዝ ይተነፍሳል። ጋዙ ወጣ! አፈሩን አስቀድመው በኃይል ሲያሞቁት ደግሞ አልወጣም፤ ሕያው ነገር በሙቀት ሞተ እንደማለት ነው። በዚያው መንኮራኩር ላይ ያለ ሌላ መሣሪያ ግን አፈሩን አብስሎ የሕይወት መሠረት የሆኑትን ኦርጋኒክ ውሁዶች ፈለገ፤ ሊጠቀስ የሚበቃ ነገር አላገኘም። አካል ሳይኖር ትንፋሽ? አብዛኛው ሳይንቲስት «ይህ የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው» ብሎ ዘጋው። ሙከራውን ያዘጋጀው ጊልበርት ሌቪን ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተቀበለም።

ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ፊኒክስ የተባለ መንኮራኩር በማርስ ሰሜን ዋልታ አካባቢ አርፎ አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘ። ፐርክሎሬት ሲቀዘቅዝ ዝም ያለ ነው፤ ሲሞቅ ግን አጠገቡ ያለውን ኦርጋኒክ ነገር ያቃጥላል። ቫይኪንጎች ደግሞ የፈለጉት በማሞቅ ነው! ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ብለው ወጡን አሳርረውት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ሕይወት ነበረ ማለት አይደለም። «የለም» የተባለበት ምክንያት ግን ላላ።

እንዲህ ያለ ክርክር ለማየት ማርስ መሄድ አያስፈልግም። ያችው ዳሎላችን አለች። ፒኤቹ ከዜሮ በታች የሚወርድ አሲድ፣ የሚፈላ ውሃ፣ ጨው በጨው ላይ፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ዝገቱ። ማርስን የሚያጠኑ የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ለልምምድ የሚመርጧት ከዚህ የተነሣ ነው። በ2019 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጥናት ወጣ። አንደኛው ቡድን በዳሎል የጨው ቅርጾች ውስጥ እጅግ ትንንሽ ተሐዋስያን አግኝቻለሁ አለ። ሌላው ቡድን ደግሞ በጣም አሲዳምና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት የለም አለ፤ እንዲያውም በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉ፣ ግን ከሲሊካ የተሠሩ ሕይወት አልባ ቅንጣቶች አሳየ። ልብ በሉ፤ ዳሎል ሰው በእግሩ ይደርስባታል፣ ናሙናው በሻንጣ ተይዞ ፓሪስ ይገባል፣ ላቦራቶሪው ሙሉ ነው፤ አሁንም ይከራከራሉ። እንግዲህ በክንዷ ጫፍ ላይ ጥቂት መሣሪያ የታሰረላት ሮቦት ላይ አንፍረድባት።

ስፒሪት ያገኘችው ሲሊካም እዚህ ክርክር ውስጥ ገብቷል። በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች ቺሊ ውስጥ ኤል ታቲዮ በሚባል ከፍተኛ ቦታ ያለውን ፍልውሃ አጥንተው፣ እዚያ በተሐዋስያን እገዛ የሚበቅሉት ጣት መሳይ የሲሊካ ቅርጾች ስፒሪት ፎቶ ካነሣቻቸው ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳዩ። መመሳሰል ነው፤ ከዚያ አላለፉም። ሰከን ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ወድጃቸዋለሁ።

ኪዩሪዮሲቲ በ2012 ጌል ክሬተር ውስጥ ስታርፍ ታሪኩ ተለወጠ። 899 ኪሎ የምትመዝን፣ ትንሽ መኪና የምታህል ሮቨር ናት፤ በሮኬት ከተንጠለጠለ ክሬን በገመድ ነው ቀስ ብላ የወረደችው። ኃይሏን የምታገኘው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ስለሆነ አቧራና ክረምት ብዙም አይገዳትም። የተጠየቀችውም «ሕይወት አለ ወይ?» ተብላ ሳይሆን «ቦታው ለሕይወት ይመች ነበር ወይ?» ተብላ ነው። እንዲህ ያለውን ልከኛ ጥያቄ እወዳለሁ። በ2013 የቆፈረችው የጭቃ ድንጋይ መልሱን ሰጠ፦ ከ3 ቢሊዮን ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት እዚያ ሐይቅ ነበር፤ ውሃው አሲድ ያልበዛበት፣ ጨው ያልበዛበት። ከዚያው አካባቢ ከተወሰደ ዱቄት በ2025 ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች እንደተገኙ ታወቀ፤ 10፣ 11 እና 12 ካርቦን የተያያዙባቸው። ተሐዋሲ ሊሠራቸው ይችላል፣ ያለ ተሐዋሲም ሊሠሩ ይችላሉ።

በነገራችን ላይ ማርስ ላይ ኢትዮጵያ አለች። ጣሊያናዊው ስኪያፓሬሊ ከ1877 ጀምሮ የማርስን ካርታ ሲሥል ደመቅና ፈዘዝ ያሉትን አካባቢዎች በጥንት መጻሕፍት ስሞች ሰየማቸው፤ አንዱን ኤቲዮፒስ አለው። ኪዩሪዮሲቲ ካለችበት ወደ ሰሜን ነው።

የኪዩሪዮሲቲ መሰርሰሪያ በ2016 ማብቂያ ላይ ተበላሸ፤ ብረቱን ወደ ፊት የሚገፋው ክፍል አልታዘዝ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ የተገኘው መላ በክንዷ እንድትገፋው ማድረግ ነው፤ እንደ እኛ፣ ድሪል ይዘን ግድግዳ ስንበሳ ትከሻችንን እንደምንሰጠው። ጎማዎቿም ቢሆኑ አሉሚኒየማቸው ስስ ስለሆነ በሹል ድንጋይ ተቀዳደዋል፤ ፎቶውን ያየ ወንፊት ይላቸዋል። በእነዚያ የተቀዳደዱ ጎማዎች ነው ሜይ 2024 ላይ አንድ ድንጋይ ላይ የወጣችው። ድንጋዩ ከክብደቷ በታች ተሰነጠቀ። መሐንዲሶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩ ውስጡ ቢጫ ክሪስታል ነው፤ ንጹሕ ድኝ። ድኝ ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ማርስ ላይ ሞልቷል፤ ብቻውን ግን እዚያ ታይቶ አያውቅም ነበር፣ በዚያ ቦታም ይኖራል ያለ አልነበረም። ዙሪያውን ሲያዩ ደግሞ የሚመሳሰል ድንጋይ ሜዳ ሙሉ ተበትኗል። ዳሎልን ያየ ሰው ቢጫ ድንጋይ አያስደነግጠውም፤ እኔን ያስደነቀኝ የተገኘበት መንገድ ነው። ስፒሪት በጎተተችው ጎማ፣ ይህችኛዋ በረገጠችው።

ዛሬ የማነሣት የመጨረሻዋ ሮቨር ፐርሲቨራንስ ናት። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ጄዜሮ በሚባለው ክሬተር አረፈች፤ ጥንት ወንዝ ገብቶበት ደለል የከመረበት ቦታ ነው። የመጣችው ድንጋይ በቱቦ አሽጋ ልታስቀምጥ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ምድር እንዲመጣ። የመጀመሪያውን ስትሞክር ቁፋሮው ደህና፣ ማሸጉ ደህና፤ ቱቦው ሲታይ ባዶ። ድንጋዩ ዱቄት ሆኖ ፈሷል። መሐንዲሶቹ ካፈሩ በኋላ አሰቡና፣ የታሸገው ባዶ አይደለም፣ የማርስ አየር አለበት አሉ። ያ ቱቦ አሁን በአየር ናሙናነት ተመዝግቧል። አየር መውሰዱ ቀድሞም በዕቅዱ ነበር፤ ሰዓቱ ነው የተቀደመው። አብራት የሄደችው 1.8 ኪሎ የምትመዝነው ሄሊኮፕተር ኢንጄኒዩቲም ለአምስት በረራ ተልካ 72 ጊዜ በርራለች፤ ከእኛ አየር አንድ መቶኛ ያህል በሚሆን አየር ላይ።

ጁላይ 2024 ላይ ፐርሲቨራንስ በደረቀ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘች፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል። ስሙን ቼያቫ ፎልስ አሉት። ላዩ ላይ የነብር ዥንጉርጉር የመሰሉ ነጠብጣቦች አሉ፤ መሀላቸው ነጣ ያለ፣ ጠርዛቸው የጠቆረ፣ በሚሊ ሜትር የሚለኩ። በጠርዙ ላይ ቪቪያናይትና ግሬጋይት የሚባሉ የብረት ማዕድናት ምልክት ተገኘ፤ አንዱ ብረትና ፎስፌት፣ ሌላው ብረትና ድኝ። በዚያው ድንጋይ ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦን አለ። ምድር ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ረግረግ ጭቃ ውስጥ እናያለን፤ ተሐዋስያን ኦርጋኒኩን ሲበሉ ብረቱንና ድኙን እየለወጡ የሚተዉት ነው። በሴፕቴምበር 2025 ጥናቱ ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ የተጠቀሙበት ቃል «የሕይወት አሻራ ሊሆን የሚችል» የሚል ነው። «ሊሆን የሚችል» የምትለው ላይ ጣታችሁን አስቀምጡ። ያለ ሕይወትም እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሙቀት ግን ድንጋዩ ያየ አይመስልም። ቫይኪንግንና ዳሎልን የሚያስታውስ ሰው ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል አይጨምርም።

ከዚያ ድንጋይ የተወሰደችው ናሙና ሳፋየር ካንየን ትባላለች። ሰሌዳ ላይ ስጽፍበት ከኖርኩት ጠመኔ አትበልጥም። ሮቨሯ ላይ ያሉት መሣሪያዎች የሚችሉትን ጨርሰዋል፤ ቀሪውን የሚነግረን ክፍል የሚያክል ማሽን ያለበት ላቦራቶሪ ነው። ልታመጣት የታሰበችው መርሐ ግብር ግን ዋጋዋ እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፣ ጊዜዋም 2040 ይሆናል ተብሎ በ2024 ከተነገረ በኋላ ተንጠለጠለች። ቻይናዎች በበኩላቸው ከሌላ ቦታ የራሳቸውን ናሙና ለማምጣት በ2028 ገደማ ሊነሡ አስበዋል።

ፐርሲቨራንስ አሥር ቱቦዎችን ለመጠባበቂያ መሬት ላይ ደርድራ ነበር፤ ያ የሆነው ግን ቼያቫ ፎልስን ከማግኘቷ በፊት ነው። ስለዚህ ሳፋየር ካንየን እዚያ የለችም። በፐርሲቨራንስ ሆድ ውስጥ ናት። ሮቨሯ በ2024 መጨረሻ የጄዜሮን ጠርዝ ወጥታ አልፋለች፤ ያችን ጠመኔ ይዛ፣ በየመሀሉ የሄደችበትን መንገድ ዞር ብላ ፎቶ እያነሣች ትሄዳለች።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ በኩል ካሉት እጀምራለሁ።